የጁባ ጥምር መንግሥት ለምን አይንቀሳቀስም? ቆሞ መቅረቱስ ማንን ጠቀመ?

የለገሀር ልጅ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ጀመዓ። የደቡብ ሱዳን ነገር እዚህ መድረክ ላይ በተነሳ ቁጥር የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፦ «ፕሬዚዳንት ኪርና ተቀናቃኛቸው የተቃዋሚው መሪ ማቻር አይዋደዱም፣ አለቀ»። ለእኔ አላለቀም። የማይዋደዱ ሰዎች አብረው የሚመሩት መንግሥት ዓለም ላይ ሞልቷል፤ ይብዛም ይነስም ሥራ ይሠራሉ።

የታደሰው የሰላም ስምምነት የተፈረመው አዲስ አበባ፣ መስከረም 2 ቀን 2011 ነው። በፈረንጅ ሴፕቴምበር 12፣ 2018። (ከዚህ በኋላ ቀኑን በፈረንጅ ልጻፈው፣ ሰነዱም ዜናውም በዚያ ስለሆነ እንዳይምታታብን።) መንግሥቱ በሜይ 2019 ይቋቋማል ተባለ፣ ወደ ኖቬምበር ተገፋ፣ ደግሞ ተገፋ፣ በመጨረሻ ፌብሩዋሪ 22፣ 2020 ተቋቋመ። ሽግግሩ በፌብሩዋሪ 2023 ማለቅ ነበረበት፤ ወደ 2025 ተራዘመ፣ ከዚያ ወደ 2027። ምርጫው ከዲሴምበር 2024 ወደ ዲሴምበር 2026 ተሻገረ። ቋሚ ሕገ መንግሥት አልጸደቀም፣ የሕዝብ ቆጠራም አልተካሄደም።

ቀኑ በተራዘመ ቁጥር ወንበሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ፣ ተቃዋሚ ነኝ የሚለው ሳይቀር፣ ድምፅ ሳይጠየቅ ሁለት ዓመት ይጨመርለታል። አምስት ምክትል ፕሬዚዳንት፣ 35 ሚኒስትር፣ 550 የምክር ቤት አባል። የእኛ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ይዞ 547 መቀመጫ ነው ያለው!

የእኔ ሐሳብ እንዲህ ነው። ፍጥጫው የዚያ መንግሥት በሽታ ሳይሆን እንጀራው ነው። ተሳስተሃል የምትሉኝ በምክንያት ተሟገቱኝ።

ሳቢያን ሰፈር

አቦ ተው! እንደኛ በድሬዳዋ የሥልጣን ክፍፍል፣ በአርባ አርባ ሃያው፣ ላይ የተኛ ሰው ጁባ ምን ያስኬደዋል? መጀመሪያ የራሳችንን እንጨርስ።

የለገሀር ልጅ

@ሳቢያን ሰፈር ስለ እሱም ከፈለግህ ጻፍ፣ አልከለከልኩህም። ግን ከምር ጻፍ፤ «አቦ ተው» ብቻ መልስ አይሆንም።

ጁባ ነበርኩ

እኔ እዚያ ስለኖርኩ ያየሁትን ልጻፍ። የድሬ ልጅ ነኝ፣ ያደግኩት ገንደ ቆሬ ነው። ጁባ ውስጥ አንድ የሐበሻ ሆቴል በሱፐርቫይዘርነት ሠርቻለሁ። ጁባን የሚያውቅ ያውቃል፣ ሆቴሉም ምግብ ቤቱም ብዙው በእኛና በኤርትራውያን እጅ ነው።

ከስምምነቱ በኋላ የየፓርቲው ልዑካን ከየአገሩ ወደ ጁባ ገቡ። ከካርቱም፣ ከናይሮቢ፣ ከካምፓላ፣ ከአዲስ አበባ። ለሁለት ሳምንት ነው ተብሎ ነበር። ሹመት እስኪወጣ መጠበቅ ነው ሥራቸው። ሹመቱ አይወጣም። ሰውየው ጠዋት ሙሉ ልብስ ለብሶ ይወርዳል፣ እንቁላልና ሻይ ይበላል፣ ሎቢ ተቀምጦ ስልኩን ያያል፣ ማታ ስምንት ሰዓት ላይ የመንግሥት ቴሌቪዥን የሹመት ድንጋጌ ሲያነብ ሁሉም ድምፁን ከፍ አርጉልን ይላል። ስሙ ካልተጠራ ወደ ክፍሉ። ነገም እንደዚያው። (ስምንት ያልኩት በፈረንጅ ነው፣ በእኛ ሁለት ሰዓት።)

የመንግሥት ወገንና የተቃዋሚ ወገን ቁርስ ላይ አንድ ጠረጴዛ አይቀመጡም ብዬ ገምቼ ነበር የሄድኩት። ይቀመጣሉ! ይሳሳቃሉ። ልጆቻቸው ካምፓላ አንድ ትምህርት ቤት ነው የሚማሩት። የማይስቁት ጠባቂዎቹ ናቸው። የአንዱ ጠባቂ በበሩ በቀኝ፣ የሌላው በግራ፣ እስኪመሽ ዓይን ለዓይን። ለእነሱ ቁርስ አንሰጥም፣ በውሉ የሉበትም። አንዳንዴ ከማዕድ ቤት የተረፈ ዳቦ አወጣላቸው ነበር።

ሂሳቡ በአንድ ኮሚቴ ስም ነው የሚመዘገበው። ኮሚቴው አይከፍልም። ባለቤቱ የጄኔሬተር ናፍጣ በዶላር እየገዛ ደረሰኝ ይቆልላል። ሌሎች ሆቴሎች ልዑካኑን ዕቃቸውን አውጥተው በር ዘጉባቸው፣ ዜናም ሆኖ ነበር። የእኛው ሰውዬ አልዘጋም። «ከእነዚህ አንዱ ነገ ሚኒስትር ይሆናል፣ ያኔ ያስታውሰኛል» ይል ነበር። አንዱ በእርግጥም ሆነ። አላስታወሰውም።

ስለዚህ @የለገሀር ልጅ ያልከው ግማሹ ልክ ነው። ላይኛው ክፍል ሲቆም ይበላል። ታችኛው፣ ጠባቂው፣ ደመወዝ ሳይከፈለው ወራት ያልፈዋል፤ እሱን ማንም አይቆጥረውም።

ጡረተኛው መምህር

ለጁባው ልጅ ምስጋና ይድረስህ ልጄ። እኔ ወደ ሰነዱ ልመልሳችሁ፣ ምክንያቱም ፍጥጫው እዚያው ተጽፏል።

ከ35ቱ ሚኒስትር 20 የፕሬዚዳንቱ ወገን ነው፣ 9 የማቻር፣ የቀረው 6 ለሦስት ትናንሽ ቡድኖች። በክልልና በወረዳ ደረጃ ክፍፍሉ 55፣ 27፣ 10፣ 8 በመቶ ነው። ይኼን ድሬዳዋ ከምናውቀው ጋር አስተያዩት። በእኛው ቀመር ማንም ብቻውን ግማሽ አይሞላም፤ ሁለቱ ትልልቆች ወደዱም ጠሉም ይነጋገራሉ። ጁባ ግን አንዱ ወገን ከመነሻው አብላጫ አለው። ድምፅ ቢሰጥ ሁልጊዜ ያሸንፋል።

እንግዲህ አብላጫ ያለው ወገን እያለ መንግሥት እንዴት ይቆማል? የሚቆመው በድምፅ አይደለም፣ በሹመት ነው። ስምምነቱ እያንዳንዱ ወገን የራሱን ሰው ያጫል፣ ፕሬዚዳንቱ ይሾማል ይላል። ማጨት የአንዱ፣ ድንጋጌ መፈረም የሌላው። ሁለቱም ያለ ሌላው ፊርማ አይሄዱም።

ምሳሌ ልስጥ። የላይኛው ናይል አስተዳዳሪነት የማቻር ድርሻ ነበር። ጆንሰን ኦሎኒን አጨ። ፕሬዚዳንቱ አልሾምም አሉ። ኦሎኒ የራሱ ጦር ያለው ጄኔራል ነው፤ መጀመሪያ ጁባ ይግባ ተባለ። በ2020 የጀመረው ክርክር ጃንዋሪ 2021 ሌላ ሰው ሲሾም ነው ያበቃው። ነዳጅ የሚወጣበት ክልል ያን ያህል ጊዜ አስተዳዳሪ አልነበረውም። ይባስ ብሎ ኦሎኒ በኋላ ከማቻር ተለይቶ ከመንግሥት ጋር ተስማማ።

ሁለተኛው የመከላከያ ሚኒስቴር ነው። በክፍፍሉ የማቻር ወገን ነበር፤ ሚኒስትሯ አንጀሊና ቴኒ፣ የራሱ የማቻር ባለቤት። ማርች 2023 ፕሬዚዳንቱ በድንጋጌ አነሷት፣ መከላከያን ወደ ራሳቸው ወስደው የአገር ውስጥ ጉዳይን ለማቻር ወገን ሰጡ። ሚኒስትርን የማንሳት መብት የአጨው ወገን ነው የሚለው አንቀጽ በወረቀት ቀረ። ቁጥሩ ግን አልተነካም፣ ዘጠኙ ዘጠኝ ናቸው።

ልብ ያላችሁት ካለ፣ ዋናው ክርክር የጤና ወይም የትምህርት ሚኒስትር ላይ አይደለም። ጠመንጃና ነዳጅ ያለበት ወንበር ላይ ነው።

ቀፊራ

ሁላችሁም ተቺ ሆናችሁ። አማራጩስ ምን ነበር? ከዲሴምበር 2013 እስከ ኤፕሪል 2018 በዚያ ጦርነት ምክንያት የሞተው ወደ 383 ሺህ ሰው ተገምቷል። የለንደን የጤና ትምህርት ቤት ባለሙያዎች ናቸው ያሰሉት፤ በጥይት ብቻ አይደለም፣ በረሃብና በበሽታም ጭምር። ሌቦች ሆቴል ተቀምጠው እንቁላል ቢበሉ እኔ ግድ የለኝም። ይብሉ! እየተጋደሉ ከሚውሉ እየበሉ ይዋሉ። ጋምቤላ ያሉትን ስደተኞች ሄዳችሁ ጠይቁ፣ «መንግሥታችሁ ቆሟል» ብላችሁ። «ይቁም፣ እኛን ብቻ አይግደሉን» ነው የሚሏችሁ።

የለገሀር ልጅ

@ቀፊራ ይኼ ከሁሉም የከበደኝ መልስ ነው፣ እውነቴን ነው። ግን ቆመ ማለት ተኩስ ቆመ ማለት አይደለም። ማርች 2025 ናስር ላይ የሆነውን አስብ። ነጭ ጦር የሚባለው የኑዌር ወጣት ታጣቂ የጦር ካምፑን ያዘ፣ የተባበሩት መንግሥታት ሄሊኮፕተር ወታደሮችን ሊያወጣ ሄዶ ተተኮሰበት፣ ጄኔራሉ ሞተ። በዚያው ወር ማቻር ቤቱ ውስጥ ታሰረ። ናስር ከእኛ ድንበር ብዙም አይርቅም፣ ሕዝቡ በሺዎች ተሻግሮ ጋምቤላ ገባ። እንግዲህ እየበሉ የዋሉበት ጊዜ ጦርነቱን አዘገየው እንጂ አስቀረው? ሴፕቴምበር ላይ ደግሞ ማቻር በአገር ክህደትና በግድያ ተከሶ ፍርድ ቤት ቀረበ። የመንግሥቱ ቁጥር ሁለት ሰው ማለት ነው እኮ!

ቀፊራ

ሰባት ዓመት ግን ሰባት ዓመት ነው ወንድሜ። በዚያ ሰባት ዓመት የተወለደ ልጅ ዛሬ ትምህርት ቤት ገብቷል። እኔ በዚህ አልደራደርም።

ጁገል

አሰላሙ አለይኩም። ከሐረር ነኝ። ለሳቢያኑ ወንድማችን ልመልስለት፣ የእኛን ነገር ከጁባ ጋር ማነፃፀር ቦታ አለው ብዬ አምናለሁ፣ ግን በተገላቢጦሽ።

የሐረሪ ክልል ምክር ቤት ሁለት ጉባኤ አለው። የሕዝብ ተወካዮች ጉባኤ 22 ሰው፣ የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ 14 ሰው። ለ14ቱ ድምፅ የሚሰጠው ሐረሪው ብቻ ነው፣ ከክልሉ ውጭ የሚኖረውም ጭምር። በእኛ አቆጣጠር በ2013 ምርጫ ይኼው የውጭ ድምፅ ጉዳይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል። በእኛው 1999 ቆጠራ ሐረሪው ከክልሉ ሕዝብ አንድ አስረኛ አይሞላም ነበር፣ ፕሬዚዳንቱ ግን ከሐረሪ ነው። ኦሮሞው ከግማሽ በላይ ነው። በወረቀት ብታዩት ይኼ በየሳምንቱ መቆላለፍ ያለበት ሥርዓት ነው። ሲቆላለፍ ግን አላየነውም። ለምን?

ከላይ አንድ ድርጅት ስላለ ነው። ድሮ ኢሕአዴግ ከነአጋሮቹ፣ አሁን ብልፅግና። ሁለት ባለሥልጣን ቢጣሉ ጉዳዩ ምክር ቤት አይደርስም፣ ስልክ ተደውሎ አዲስ አበባ ያልቃል። ጥሩ ነው አላልኩም። አንዳንዴ የሐረርን ጉዳይ ከሐረር ሰው በፊት የቦሌ ሰው ይሰማዋል። ብቻ አይቆምም።

ጁባ ላይ ያ «ከላይ ያለው» ማን ነው? በወረቀት ዋሶቹ ሱዳንና ዩጋንዳ ነበሩ። የሱዳኑ አል በሽር ራሳቸው ኤፕሪል 2019 ወረዱ፣ አገራቸውም ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ ጦርነት ላይ ነው። ዩጋንዳ በ2025 ወታደር ልካ ከአንዱ ወገን ቆመች። ኢጋድ ቀረ። ኢጋድ ጽሕፈት ቤቱ ጅቡቲ ነው፣ ከድሬ በባቡር የሚደረስበት፤ መግለጫ ያወጣል፣ ስብሰባ ይጠራል፣ «አሳስቦናል» ይላል። ደውሎ «ይኼ ይሁን» ማለት አይችልም፣ አባል አገሮቹ ራሳቸው አልተስማሙማ።

ሳቢያን ሰፈር

እሺ አሁን ወሬው ቁም ነገር ሆነ፣ ልጻፍ።

@ጁገል ያልከው ለድሬም ይሠራል። አርባ ኦሮሞ፣ አርባ ሶማሌ፣ ሃያ ለቀረነው። ከንቲባነቱ በሁለቱ መካከል በየተራ። ይኼ ነገር አዋጅ ቁጥር 416/1996 ላይ፣ ማለትም የከተማዋ ቻርተር ላይ፣ አንቀጽ የለውም። የፓርቲዎች ስምምነት ነው። በጥር 2011 ወጣቱ አደባባይ ሲወጣ ከጠየቃቸው አንዱ ይኼ ይነሳልን የሚል ነበር።

መሬት ላይ ምን ይመስላል? የእናቴ ወንድም በሹፌርነት ለአንድ መሥሪያ ቤት ተወዳደረ። ፈተናውን አለፈ። ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ስሙ ወጣ፣ በሦስተኛው ቀን ወረቀቱ ተነስቶ ሌላ ተለጠፈ፣ ስሙ የለም። ሲጠይቅ የተሰጠው መልስ «በሃያው ሞልቷል» ነው። መንጃ ፈቃዱን ማንም አላየለትም። ሰውዬው እንግዲህ ባጃጅ ተከራይቶ ከደቻቱ ታይዋን ገበያ ይመላለሳል።

ክፍፍል ሲባል ላይ ያሉት ሲስማሙ ነው የምናየው። እኔ የሚያሳስበኝ ሃያ የተባለው ነው። ጁባም ላይ 10 እና 8 የተባሉት ትናንሾቹ ምን ደረሳቸው? ስለ እነሱ ማንም አልጻፈም።

ጡረተኛው መምህር

@ሳቢያን ሰፈር ጥሩ ጥያቄ ነው። ትናንሾቹ ተከፋፈሉ። አንድ ጥምረት ሦስት ሚኒስትር ሲደርሰው በውስጡ ያሉት ቡድኖች ሦስቱን ወንበር ለመካፈል ይጣላሉ፣ የተከፋው ክንፍ ወደ ቤተ መንግሥት ይሄዳል፣ ፕሬዚዳንቱም ከሁለቱ ክንፍ የሚመቻቸውን ይሾማሉ። መከፋፈል ራሱ ወደ ሹመት የሚያስገባ መንገድ ሆነ።

ስለ አርባ አርባ ሃያ ግን አንድ ነገር ልበል። የእኛው ቀመር ጠመንጃ የያዙ ሁለት ጦሮች መሐል አልተጻፈም። ሰው ሥራ ያሳጣል፣ ያስቀይማል፣ ከተማውን ያጎብጣል። ግን ነገ ቢቀር ማንም ወደ ጫካ አይገባም። ሚዛኑን እንጠብቅ።

ደቻቱ ማዶ

ስለ ጁባ ታወራላችሁ፣ ፕሪቶሪያስ? የትግራይ ጊዜያዊ አስተዳደርስ? እሱም ከሰላም ስምምነት በኋላ የመጣ የሥልጣን መጋራት አይደለም እንዴ? ፈርታችሁ ነው።

አወያይ

@ደቻቱ ማዶ ጥያቄው ተገቢ ነው፣ ግን ያለፈው ክር በስድብ ነው የተዘጋው። ለብቻው ክር ክፈትና እኔ እቆጣጠረዋለሁ። እዚህ ጁባ ላይ እንቆይ። የሁለት ሰዎች አስተያየት ብሔር ስለሰደበ አንስቻለሁ።

ግሪክ ካምፕ

ሌላ አገር የሠራበት የለም እንዴ? አለ። ኬንያ ፌብሩዋሪ 2008 ኪባኪና ራይላ ተፈራረሙ፣ 40 ሚኒስትር አቋቋሙ፣ ሲነታረኩ ኖሩ፣ ግን ኦገስት 2010 ላይ አዲስ ሕገ መንግሥት አወጡ። ብሩንዲ ከአሩሻ ስምምነት በኋላ ምክር ቤቱን 60 ለ40፣ ሠራዊቱን ግማሽ በግማሽ አደረገች፤ በ2015 በፕሬዚዳንቱ ሦስተኛ ዘመን ሲናጡ እንኳ ሠራዊቱ በጎሳ ለሁለት አልተሰነጠቀም። ሰሜን አየርላንድ ደግሞ ከሁለቱ መሪዎች አንዱ ከወጣ መንግሥቱ ይፈርሳል። ከ2017 እስከ 2020፣ ከዚያም ከ2022 እስከ 2024 መንግሥት አልነበራቸውም። ማንም ግን ጦርነት አልከፈተም።

ልዩነቱ? ሰሜን አየርላንድ ሲቆም ለንደን በጀት ይልካል፣ አስተማሪው ደመወዙን ያገኛል። ኬንያ የመንግሥት ሠራዊት አንድ ነበር። ብሩንዲ ጦሩን መጀመሪያ አዋሐደች። ጁባ ሦስቱም የሉም።

ጁባ ነበርኩ

@ግሪክ ካምፕ ሠራዊቱ ላይ ጣትህን አደረግህ። ስምምነቱ 83 ሺህ የተዋሐደ ኃይል ይላል። ካምፕ ገቡ፣ ወራት አለፈ፣ ምግብ የለም፣ ብዙው ወደ ቤቱ ተመለሰ። የጦር መሣሪያ ማዕቀብ ስላለ ሠልጣኞቹ የእንጨት ጠመንጃ ተሸክመው ሲሰለፉ የሚያሳየውን ፎቶ ሁላችሁም አይታችኋል። የመጀመሪያው ዙር የተመረቀው ኦገስት 30፣ 2022 ነው። ተመረቁ፣ ከዚያስ? ደመወዝ የሚከፍል የለም። ፌብሩዋሪ 2024 በሱዳን በኩል የሚያልፈው የነዳጅ ቧንቧ ሲሰበር ደግሞ ከነበረውም ገቢ አብዛኛው ጠፋ፤ አገሪቱ የምትኖረው በነዳጅ ነው።

ጁላይ 2016ን የኖረ ሰው ይኼን በሌላ ዓይን ያየዋል። ማቻር በኤፕሪል ከወታደሮቹ ጋር ጁባ ገብቶ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነ። ሁለት ጦር አንድ ከተማ ውስጥ። ጁላይ 8፣ ዓርብ፣ ኪርና ማቻር ቤተ መንግሥት ውስጥ ጋዜጠኛ ፊት ተቀምጠው ሳለ ውጭ ጠባቂዎቻቸው መታኮስ ጀመሩ። አለቆቹ ውስጥ ቁጭ ብለው ይጠያየቃሉ፣ «ምንድነው ድምፁ?» እኛ አልጋ ሥር ሦስት ቀን። ያ ጊዜ ከተማ የነበረ ሐበሻ ጠባቂ ሲያይ እስካሁን መጀመሪያ እጁን ነው የሚያየው።

ለዚህ ነው ቁርስ ላይ የሚሳሳቁትን ሳይሆን በሩ ላይ የቆሙትን የማየው።

የለገሀር ልጅ

አንድ ያልገባኝ ነገር። ማቻር ታስሯል፣ ተከሷል፣ ከሥልጣኑም ታግዷል። ታዲያ ስምምነቱ ፈርሷል ነው የሚባለው ወይስ አለ?

ጡረተኛው መምህር

በወረቀት አለ። እንዴት መሰለህ፣ በ2016 ማቻር ከጁባ ሲሸሽ ምን ተደረገ? ጁባ የቀሩት የፓርቲው ሰዎች ተሰብስበው ታባን ዴንግን በቦታው አጩ፣ ፕሬዚዳንቱም ወዲያው ሾሙት። «ስምምነቱ ይቀጥላል» ተባለ። ኤፕሪል 2025 ላይ ጁባ ያሉት እንደገና ተሰብስበው ጊዜያዊ ሊቀመንበር መረጡ፣ ውጭ ያሉት አንቀበልም አሉ። ሰነዱ ለማቻር ወገን 9 ሚኒስትር ይላል እንጂ የትኛው የማቻር ወገን አይልም።

ሳቢያን ሰፈር

እና ምርጫው ዲሴምበር 2026 ይደረጋል?

ጡረተኛው መምህር

ቀኑ አልተነሳም። የምርጫ ኮሚሽኑን በጀት ማን ለቀቀ፣ ጋዜጣውን ተከታተል። እኔ የማየው እሱን ነው።

ቀፊራ

እኔ ደግሞ የማየው ናስርን ነው። ጋምቤላ ያለች እህቴ በየሳምንቱ ትደውላለች፤ የሚሻገረው ሰው ሲበዛ ከዜናው በፊት እሷ ትነግረኛለች። አዲስ ነገር ካለ እዚሁ እጽፋለሁ።